የውሻ እባጭ በዓይን አይለይም

በረት የሚጠብቅ ውሻ እባጭ ሲያወጣ ብዙውን ጊዜ የሚደርስበት ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «በራሱ ይጠፋል» ተብሎ ይታለፋል፤ አለዚያም በጋለ ብረት ይተኮሳል። በሬ ያበጠ እንደሆነ ግን ያው ገበሬ በማግስቱ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይነዳዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ልዩነት ሊቀር ይገባል። ሌሊት ጅብ ሲመጣ በጎቹን የሚያስጥለው ውሻው ነውና።

እባጭ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መዥገር የነከሰው ቦታ ያብጣል። እሾህ የወጋው ወይም ሌላ ውሻ የነከሰው ሥጋ መግል ይቋጥራል። በዕድሜ የገፋ ውሻ ከቆዳው ሥር የሚያወጣው የስብ እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በሴት ውሻ ጡት ላይ የሚወጣ ጠጣር እባጭ ግን ነቀርሳ ሊሆንና ወደ ሳንባ ሊዛመት ይችላል። ችግሩ እነዚህ ሁሉ በዓይን ሲታዩም ሆነ በእጅ ሲዳሰሱ መመሳሰላቸው ነው። ሐኪም ግን በቀጭን መርፌ ከእባጩ ጥቂት ሕዋስ ወስዶ በማይክሮስኮፕ በመመርመር ብዙዎቹን ሊለይ ይችላል።

ለማኅበር በተለይ የሚያሳስበው በብልት ላይ የሚወጣው፣ ደም የሚያንጠባጥበው ተላላፊ እጢ ነው። በስሪያ፣ በመላላስና በመሻተት የነቀርሳው ሕዋስ ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ ይተላለፋል። ይህንንም ሩሲያዊው የእንስሳት ሐኪም ኖቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1876 ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው በማዛወር አሳይቷል። እንግዲህ አንድ የታመመ ውሻ ልቅ ሲዞር የአካባቢውን ውሾች ሊበክል ይችላል። ሆኖም ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት በሐኪም እጅ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ሳምንታት በደም ሥር ሲሰጥ አብዛኞቹን ይፈውሳል።

መተኮስ ላዩን ያቆስላል እንጂ ሥሩን አይነቅልም። ሐኪሙ የሚመረምረውን ሥጋ ያበላሻል፤ ቁስሉም ዝንብ ይጠራል።

«ለውሻ ደግሞ ሐኪም!» የሚል አይጠፋም። የመንገዱ ርቀትና የመድኃኒቱ ወጪም እውነተኛ ችግር ነው። ስለሆነም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ውሾች በሚሰበሰቡበት ቀን እባጭ ያለባቸውም አብረው እንዲታዩ ከባለሙያው ጋር ቢስማሙ ይበጃል። አንድ ጉዞ ለብዙ ውሾች ይበቃል።

የልማት ሠራተኛም ገበሬውን እንዲህ ብሎ ይምከር፦

1. ውሻህን በወር አንድ ጊዜ ከራሱ እስከ ጭራው ዳብስ።
2. እባጭ ስታገኝ ቀኑንና መጠኑን፣ የባቄላ ወይስ የእንቁላል ያህል መሆኑን አስታውስ።
3. ካደገ፣ ከቆሰለ፣ ከደማ ወይም በጡት ወይም በብልት ላይ ከሆነ ሳትዘገይ አሳይ።
4. ራስህ አትብጣ፣ አትተኩስ።
5. ጠባዩ የተለወጠና ለሃጩን የሚያዝረከርክ ውሻ ከሆነ አትንካው፤ ለባለሙያ አስታውቅ።

እባጩ ጉዳት የሌለው ሆኖ ቢገኝ እንኳ መንገዱ ከንቱ አይደለም። ውሻው ከብረት ይድናል፤ ገበሬውም ጠባቂውን ይዞ ይመለሳል።