ዝናቡ ነው ወይስ ሞተሩ?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቤት ውስጥ ጉዳይ፣ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ውኃው ሂሳብ፣ ስለ ግድግዳው እርጥበት ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ዛሬ ግን ከቤት ወጥተን ከሕንፃው ሥር ወዳለው ማቆሚያ እንወርዳለን። ምክንያቱም በዚህ ሰሞን አንዲት እናት ወደ እኛ መጥተው የጠየቁንን ጥያቄ ሳንመልስ ማለፍ አልቻልንም።

የእኒህ እናት ልጅ በዳቦ መጋገሪያ ይሠራል። ሥራው የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 3 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ከእነርሱ ሰፈር የሚነሣ አውቶቡስ የለም። ስለሆነም ቤተሰቡ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ባለ 125 ያገለገለ ካትኖዓ ገዛለት። ከሱኮት በኋላ በጣለው የመጀመሪያ ዝናብ፣ ልጁ ኪካር ሲዞር ተንሸራቶ ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ የከፋ አልደረሰበትም። እናቱም እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ልጄን የጣለው ዝናቡ ነው ወይስ ሞተሩ? ዝናቡ ከሆነ የፈጣሪ ሥራ ነው። ሞተሩ ከሆነ ግን ነገ ሳይነጋ ልሽጠው።»

እኛ የሞተር ባለሙያዎች አይደለንም። ስለዚህ ጎንደር ሳለ ለብዙ ዓመታት ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ሲጠግን የኖረ፣ አሁን ደግሞ በአንድ ሙሳክ ተቀጥሮ የሚሠራ ወዳጃችንን ይዘን ሄድን። ወዳጃችን ሞተሩን እንኳ አላስነሣም። ጎንበስ ብሎ የፊቱን ጎማ በእጁ ዳሰሰ፤ ከዚያ የጎማውን ጎን በባትሪ መብራት አየ፤ ከዚያ የኋላውን ፍሬን አየ። በቃው። የፊት ጎማው መካከሉ ተልጦ ለስልሷል፤ የተሠራው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ ጎማው ራሱ እንደ ደረቀ ቆዳ ጠጥሯል። ነፋሱ ከሚገባው ግማሽ አይሞላም። የኋላው የፍሬን ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን እየፋቀው ነበር።

«እንግዲህ ዝናቡም ሞተሩም ነው» አላቸው። «ጎማው ደኅና ቢሆን ኖሮ ዝናቡ ላይጥለው ይችል ነበር። ዝናቡ ባይመጣ ደግሞ ይህ ጎማ ሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ ይጥለው ነበር።»

ልጁ በጣም ደነገጠ። «ጋሼ፣ ቴስት አልፏል እኮ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ወረቀቱም በእጁ ነበር። ነገር ግን ቴስት የሚመሰክረው በተመረመረበት ቀን ስለነበረው ሁኔታ ነው። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ የተነዳበትን መንገድ አይቶ አይመሰክርም። ከሁለት ወር በፊት ዘይት የቀየረለት ቦታም ጎማውን አይቶ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የቦታውን ስም አንጽፍም፤ ነገር ግን ዘይት ቀይርልኝ ያላችሁት ሰው ዘይት ብቻ እንደሚቀይር እወቁ። ሌላው እንዲታይ ከፈለጋችሁ መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

አሁን ስለ ዝናቡ እንነጋገር። በአገር ቤት ዝናቡ በሰኔ ገብቶ እስከ መስከረም ድረስ መንገዱን በየቀኑ ያጥበዋል። እዚህ ግን ከፋሲካ በኋላ እስከ ሱኮት ድረስ፣ አምስት ስድስት ወር ሙሉ፣ ጠብ የማይልበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያን ሁሉ ጊዜ ከመኪኖች የሚንጠባጠበው ዘይት፣ ከጎማ የሚፋቀው ጥቁር ብናኝና አቧራው አስፋልቱ ላይ ይተኛል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ይህ ሁሉ ተለውሶ ሳሙና ይሆናል። አደገኛው ሰዓት ብዙ ሲዘንብ ሳይሆን ገና ሲያካፋ ነው። ጠንካራ ዝናብ ጥቂት ቆይቶ መንገዱን ያጥበዋል። ስለዚህ ካፊያው ሲጀምር የሚችል ሰው ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። የማይችል፣ እንደዚያ ልጅ ሥራ የሚጠብቀው፣ ቀስ ብሎ ይሂድ፤ ከፊቱ ካለው መኪና ከወትሮው እጥፍ ይራቅ፤ በእግረኛ መሻገሪያው ነጭ ቀለም ላይና በብረት የጉድጓድ ክዳን ላይ ሞተሩን አያጋድል፣ ፍሬንም አይጨብጥ። ዲስኩ እርጥብ ሲሆን ፍሬኑ መጀመሪያ አልይዝ ይላል፤ በመሆኑም መቆም ከሚያስፈልገው ቦታ ቀደም ብሎ ፍሬኑን በስሱ ነካ ነካ እያደረጉ ማድረቅ ይጠቅማል።

ስለ ጎማ ጥቂት እንጨምር፤ የእኒያ እናት ልጅ የወደቀው በእርሱ ነውና። በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ የተጻፉ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 3519 ቢል፣ በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ያገለገለ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቁጥር አንብቡ፤ ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም ማወቅ አይጠይቅም። በጎማው መስመሮች ሥር ደግሞ ከፍ ያሉ ትናንሽ ጉብታዎች ይገኛሉ። ጎማው ተበልቶ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ አብቅቷል ማለት ነው። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩት። ትክክለኛው መጠን ከመቀመጫው ሥር ወይም በሞተሩ አካል ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ ካልሆነም በመጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ሰው ከኋላ ሲጫን መጠኑ ከፍ ይላል።

ወደ ፍሬኑ እንለፍ። የፍሬን ሸራው ውፍረት ከ2 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀይሩት፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ እስክትሰሙ አትጠብቁ፤ ያን ጊዜ ዲስኩም አብሮ ይበላሽና ወጪው እጥፍ ይሆናል። በመሪው አጠገብ ባለችው ትንሽ መስኮት የፍሬን ዘይቱ ይታያል። ዘይቱ ከወረደ ዝም ብላችሁ አትሙሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ሸራው ስላለቀ ነው፤ ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ። ቀለሙ እንደ ሻይ ከጠቆረ አርጅቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣ ዘይት ፍሬኑ ሲግል ይፈላና እጀታው ባዶ ሆኖ እስከ መሪው ድረስ ይገባል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይላሉ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀን እንናገራለን፦ ፍሬኑ ሲጮህ ድምፁን ለማጥፋት ብለው ዲስኩ ላይ ዘይት የሚረጩ ልጆች አይተናል። እባካችሁ ወላጆች ይህን ከልክሉ። ድምፁ ይጠፋል፤ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል።

ከዝናቡ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አቧራውን ነው። ቤርሼባ፣ ኦፋቂም፣ ቂርያት ጋት የምትኖሩ ሰዎች በሻራቭ ቀን ሰማዩ ቢጫ ሲሆን ታውቁታላችሁ። በመስከረም 2015፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ አገሪቱን ሁሉ የሸፈነው የአቧራ ማዕበል ለቀናት ቆይቶ ነበር። ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው፤ መሐረቡም የአየር ማጣሪያው ነው። ማጣሪያው ሲደፈን ሞተሩ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቤንዚን ይፈጃል፣ ካንዴላው ሲወጣ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ይታያል። ደኅና ካንዴላ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ነው። ስፖንጅ የሚመስለው ማጣሪያ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ትንሽ የማጣሪያ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። ከወረቀት የተሠራው ግን አይታጠብም፤ ሲቆሽሽ ይጣላል። በብዙ ካትኖዓዎች ውስጥ ያለው ወረቀት ከፋብሪካው ዘይት የተቀባ ስለሆነ በነፋስ ማጽዳትም አይጠቅመውም። በአቧራ አካባቢ የሚኖር ሰው መጽሐፉ ከሚለው ቀን ቀደም ብሎ ይቀይር። ነታንያ፣ አሽዶድና አሽቀሎን ያላችሁ ደግሞ ጠላታችሁ የባሕሩ ጨው ነው፤ ብረቱን ቀስ ብሎ ይበላዋል፤ በየጊዜው በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት።

ካትኖዓ ኃይሉን የሚያስተላልፈው በውስጥ ባለ ቺንግያ ነው። ቺንግያው ከላይ አይታይም፣ ሲበጠስም አስቀድሞ አይናገርም፤ በመጽሐፉ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ሲደርስ መቀየር ብቻ ነው መድኃኒቱ። ትልቅ ሞተር ብስክሌት ያላችሁ ግን ሰንሰለቱን እዩ። ከዝናብ በኋላ ሁልጊዜ፣ ባይዘንብም በየ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትሩ፣ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ጠርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የሰንሰለት ዘይት ቀቡት። ዘይት አታብዙ፤ የበዛው ዘይት አቧራውን ይዞ እንደ ሞረድ ይሆናል። ይህን ስትሠሩ ሞተሩ ይጥፋ፣ ጎማውንም በእጅ አዙሩት። ሞተሩ እየሠራ ሰንሰለት ሲጠርግ ጣቱን ያጣ ሰው ወዳጃችን በዓይኑ አይቷል።

ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ሲልስ? ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን ባንጠራው ይሻላል፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ካንዴላ ሲያወጣና ሲያስገባ ውሎ፣ ከሌላ ከተማ ወዳጁን አስጠርቶ፣ በመጨረሻ የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ ቀዩን የማጥፊያ ቁልፍ ነክተውት ኖሯል። ስለዚህ በቀዩ ቁልፍ ጀምሩ። ቀጥሎ የጎን ማቆሚያ እግሩ መታጠፉን እዩ፤ ብዙ ሞተሮች እግሩ ካልታጠፈ አይነሡም። ካትኖዓ ደግሞ ፍሬኑ ካልተጨበጠ አይነሣም። ከዚያ ቤንዚኑን። ቁልፉን ስትጫኑ «ቀጭ» ብቻ ካለ ባትሪው ደክሟል፤ ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ አጽዱ፤ ስትፈቱ መጀመሪያ አሉታዊውን፣ ስትመልሱ መጨረሻ እርሱኑ። ሞተሩ እየዞረ የማይነሣውና ሌሊቱን ዝናብ ያደረበት ከሆነ፣ የካንዴላውን ቆብ ነቅላችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ብዙ ጊዜ በዚህ ይነሣል። የሞተሩ ዘይት ወተት የመሰለ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ውኃ ገብቶበታል፤ አታስነሡት፣ ወደ ሙሳክ ይወሰድ።

በኃይለኛ የውኃ መርጫ ስታጥቡ ጎማው የሚዞርበትን መካከል፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹንና የጭስ ማውጫውን በቅርብ አትምቱ። የዝናብ ልብስም በጋለ ሞተር ላይ አታልብሱ፤ ይቀልጣል።

ወደ ሙሳክ ስትሄዱ ልጆቻችሁን ለትርጉም ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም። እነዚህን ቃላት ያዙ፦ ጎማ ጻሚግ ነው፤ የፍሬን ሸራ ረፊዶት፤ ዘይት ሼሜን፤ ባትሪ ማጽበር፤ ቺንግያ ረጹዓ፤ ሰንሰለት ሻርሼሬት፤ ካንዴላ ፕላግ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ «ሀጻዓት መሒር» ጠይቁ፤ ሲያልቅ ደግሞ ሐሽቦኒት ተቀበሉ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ በሉ። ይህን ማለት ስድብ አይደለም፤ የዚህ አገር ሰውም ይላል።

ስለ ቢቱዋሕ ሆቫም በአንድ ቃል እንለፍ። በ1975 በወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሣ ሕግ መሠረት፣ ያለ ኢንሹራንስ የሚነዳ ሰው ራሱ ቢጎዳ ካሣ የማግኘት መብቱን ያጣል። የሞተር ኢንሹራንስ ውድ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ «አንድ ወር ብቻ ያለ እርሱ ልንዳ» የሚል ፈተናም አለ። ያ ልጅ ከፍሎ ስለነበር ነው ዛሬ እናቱ ስለ ጎማ ብቻ የሚጨነቁት።

ሞተሩን አልሸጡትም። ከፊት አዲስ ጎማ፣ ከኋላ አዲስ ሸራ ገባለት፤ የፍሬን ዘይቱም ተለወጠ። እጁ ከጀሶ እስኪወጣ ድረስ አጎቱ በመኪና እያደረሰው ነው። እናቱ ግን በየቀኑ ወርደው ጎማውን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ እንደሚመለሱ ነገሩን። ወዳጃችን ጣት ነፋስ እንደማይለካ ነግሯቸው አንዲት ትንሽ መለኪያ ሰጣቸው፤ ቁጥሩንም በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፎ ከመቀመጫው ሥር ለጠፈላቸው። ከስግድ ስንመለስ እንደገና ሄደን እናየዋለን።