ውሱን የተባለው ምኑ ነው?

በ1950ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ ካልተጠቀሰ አቆጣጠሩ የፈረንጆች ነው) ሊቨርፑል ከተማ ቢንስ ሮድ ላይ የነበረው የሜካኖ መጫወቻ ፋብሪካ ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የታሰቡ፣ ዲንኪ በሚል ስም የሚሸጡ ጥቂት ወታደራዊ የመጫወቻ መኪኖችን አወጣ። አንዷ በወታደር አረንጓዴ የተቀባች ቤድፎርድ የጭነት መኪና ናት፤ ሌላዋ ኮፈኗ ላይ ነጭ ኮከብ ያረፈባት ጂፕ። ሞልዶቹ አዲስ አልነበሩም፤ ለተራ መጫወቻ መኪና ሲያገለግሉ የቆዩ ናቸው፤ የተለወጠው ቀለሙ ነው። ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስንት ፍሬ እንደተሠራም ማንም ለገዢው አልነገረውም። ባሕር ማዶ ያለ ደንበኛ ስለፈለጋቸው ተሠሩ፤ ትእዛዙ ሲያልቅ ቆሙ። ዛሬ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከወጡት የዲንኪ ወታደራዊ መኪኖች መካከል ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አንዷ ያቺው ቤድፎርድ ናት።

አሁን የተለመደው አሠራር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ዕቃው ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ ብርቅነቱ ይታወጃል። ሳጥኑ ላይ «ሊሚትድ ኤዲሽን» ይጻፋል፤ ውስጡ ተራ ቁጥር ያለው ሰርተፍኬት ይቀመጣል፤ ገዢውም ታንኩን ትቶ ቁጥሩን እንዲገዛ ይጋበዛል። በውሱን ቁጥር ማምረት በራሱ ነውር የለበትም። እንዲያውም ያለ እሱ ብዙ የታሪክ ተሽከርካሪዎች በሞዴል መልክ ጭራሽ ባልታዩ ነበር። መጠየቅ ያለበት ቁጥሩ ከምን እንደተነሣ ነው። ከሥራው ባሕርይ የሚመጣ ቁጥር አለ፤ ከሻጩ ፍላጎት ብቻ የሚመጣም አለ። ሁለቱን በእኩል ዋጋ መግዛት ሰብሳቢውን ይጎዳል፤ ሙያውንም ያረክሳል።

ልዩነቱን ለማየት ፋብሪካው ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። የዳይካስት ሞዴል አካል አብዛኛውን ጊዜ ዛማክ ከሚባል ቅይጥ ይሠራል፤ በብዛት ዚንክ፣ አራት በመቶ ያህል አሉሚኒየም፣ ጥቂት ማግኒዚየምና መዳብ ነው። ቅይጡ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ይቀልጣል። የቀለጠው ብረት ከጠንካራ ስቲል ተፈልፍሎ በሁለት ገጽ በተዘጋጀ ሞልድ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይገባል፤ በሰከንዶች ውስጥ ይረጋል፤ ሞልዱ ሲከፈት ትኩሱ የታንክ አካል ይወጣል። ከሁሉ ውድ የሆነው ሥራ ሞልዱን መፈልፈል ነው። እያንዳንዱ የብሎን ራስ፣ የሞተር መከለያው ወንፊት፣ የሰንሰለቱ ጥርስ ሁሉ ስቲሉ ላይ በግልባጭ ይቀረጻል። አንዴ ካለቀ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዕቃ ይወጣዋል። ስለዚህ በ1,000 ፍሬ የተወሰነ እትም የቆመው ሞልዱ ስለደከመ አይደለም። ሞልዱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ቀለም እየጠበቀ ነው።

እንግዲህ ሰርተፍኬቱ ላይ የሚቆጠረው በአብዛኛው ቀለሙና ምልክቱ ነው።

ያም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም። የክፍለ ጦሩ ዓርማ፣ የታንኩ ቁጥርና ሠራተኞቹ ያወጡለት ስም የሚታተሙት ታምፖ በሚባለው ዘዴ ነው። ለስላሳ የሲሊኮን ትራስ ቀለሙን ከተፈለፈለ ሳህን ላይ አንሥቶ ብረቱ ላይ ይጫነዋል። ትራሱ ቅርጹን ከብረቱ ጋር ስለሚያስማማ፣ ክብ ቱሬት ላይም ሆነ ብሎን የበዛበት ጎን ላይ፣ ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ ፊደል ሳይሰበር ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሳህንና የራሱ ምት ያስፈልገዋል፤ አንዱ ምት በፀጉር ስፋት ከሳተ ዕቃው ይጣላል። ሦስት ቀለም የተቀላቀለበት ካሞፍላጅ ከሆነ ደግሞ በጭንብል እየተሸፈነ በየተራ ይረጫል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ለጥቂት መቶ ፍሬ ሲሆን የአንዱ ዋጋ ለምን እንደሚወደድ ይገባል። ሰብሳቢ ለዚህ ድካም ገንዘብ ቢከፍል አልተበደለም።

የሚበደለው ሞልዱ የማይሸከመውን ታሪክ በቀለም ሲያለብሱት ነው። የሸርማን ታንክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሸርማን ቢሠራም ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበረም። ኤም4ኤ1 የሚባለው አካሉ በሞልድ ተፈስሶ የተሠራ ስለሆነ ትከሻው ክብ ነው። ኤም4ኤ3 በብየዳ የተገጣጠመ፣ ማዕዘኑ የሾለና የፎርድ ቪ8 ሞተር ያለው ነው፤ አሜሪካኖች ይህን በአብዛኛው ለራሳቸው ጦር አስቀርተውታል። ኤም4ኤ4 ደግሞ አምስት የክራይስለር መኪና ሞተሮች በአንድነት ስለታጨቁበት ከሌሎቹ ይረዝማል፤ በብዛት የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው፤ ባለ 17 ፓውንደር መድፉ ፋየርፍላይ የተባለው ሸርማንም በአብዛኛው የተሠራው በዚሁ ላይ ነው። በኤል አላሜይን ውጊያ የእንግሊዝ ጦር የተዋጋባቸው ሸርማኖች ኤም4ኤ1ና ኤም4ኤ2 ነበሩ። አንድ አምራች ያለውን የኤም4ኤ3 ሞልድ አሸዋማ ቀለም ቀብቶ «ኤል አላሜይን፣ 1942» ብሎ ቢሸጠው፣ 500 ፍሬ ይሥራ 50 ፍሬ፣ ያ ታንክ እዚያ ቦታ አልነበረም። የቁጥሩ ማነስ የስህተቱን ዋጋ ከማስወደድ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ታይገር 131 ከዚህ ይለያል። እንግሊዞች በሚያዝያ 1943 ቱኒዚያ ውስጥ የማረኩት ይህ የጀርመን ታንክ ዛሬ በዶርሴት፣ ቦቪንግተን በሚገኘው የታንክ ሙዚየም አለ። ከረጅም ጥገና በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ ይሄዳል፤ በ2014 በወጣው «ፊዩሪ» ፊልም ላይም ታይቷል። ኮርጂን ጨምሮ በርካታ አምራቾች ሞዴሉን ሠርተውታል። እውነተኛው ስላለ ማንም ሰው ሞዴሉን ከፎቶው ጋር ማስተያየት ይችላል፤ ቱሬቱ ላይ ያለው ባለ ነጭ ዳር ቀይ ቁጥር በትክክለኛው ቦታና መጠን ማረፉን በዓይኑ ያረጋግጣል። እንዲህ ዓይነት ሞዴል አሥር ሺህ ፍሬ ቢወጣ እንኳ የሚያኮራ ነው።

ብርቅነት እንዴት እንደሚፈጠር የድሮዎቹ መጫወቻዎች በግልጽ ያሳያሉ። ዲንኪ በ1954 ያወጣው የሴንቱሪየን ታንክ ለዓመታት የተሸጠ፣ በየቤቱ የገባ ዕቃ ነበር። ማችቦክስም ሳላዲንና ሳራሴን የተባሉትን የእንግሊዝ ብረት ለበሶች በኪስ በሚገባ መጠን ለልጆች አቅርቧል። ልጆች ጭቃ ውስጥ ቀበሯቸው፤ ከደረጃ ላይ አንከባለሏቸው፤ የሴንቱሪየኑን የጎማ ሰንሰለት አወለቁ። ሳጥኑ በመጀመሪያው ቀን ተጣለ። ስለዚህ ዛሬ ቀለሙ ያልተላጠ፣ ሳጥኑ ያልተቀደደ አንድ ሴንቱሪየን ሲገኝ ዋጋ አለው። ብርቅ ያደረገው የልጆቹ ጨዋታ ነው።

በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ለሰብሳቢ ተብለው የተሠሩት ዕጣቸው ሌላ ሆነ። የሌዶ «ዴይስ ጎን»፣ የማችቦክስ «ሞዴልስ ኦቭ የስተርይር»፣ የኮርጂ ባለ ሰርተፍኬት እትሞች በብዛት ተገዙ፤ ገዢው ሁሉ ዋጋቸው ይጨምራል ብሎ ከነሳጥናቸው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጣቸው። ማንም አልተጫወተባቸውም፤ ማንም አልሰበራቸውም። ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹ በእንግሊዝ ጨረታዎች በካርቶን ታጭቀው በርካሽ ይሸጣሉ። ጡረታ ስንወጣ መደገፊያ ይሆነናል ብለው ያጠራቀሙ ሰዎች መኖራቸው ነገሩን አሳዛኝ ያደርገዋል። ያመኑት የታተመ ተስፋን ነበርና።

በሌላ በኩል ከጦርነቱ በፊት ለአንድ ሱቅ ማስታወቂያ ተብላ የተሠራች ትንሽ የዲንኪ ቫን አለች። በእንግሊዝ ኪንግስተን የነበረው ቤንታልስ የተባለ ትልቅ መደብር ነው ያሠራት። በ1994 ለጨረታ ስትቀርብ ከ12 ሺህ ፓውንድ በላይ አወጣች። ወታደራዊ ባትሆንም ነገሩን ታስረዳለች፤ ቁጥሯ ያነሰው መደብሩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ስላዘዘ ነው።

ከጦርነቱ በፊት የተሠሩትን ያመናመነ ሌላም ነገር ነበር። ሜካኖ በ1930ዎቹ መጨረሻ የታንክ፣ የመድፍና የወታደር መኪና ስብስቦች አውጥቶ ነበር፤ ጦርነቱ ሲፋፋም ብረቱ ለጥይት ስለተፈለገ በእንግሊዝ አገር ከ1942 ጀምሮ የብረት መጫወቻ ማምረት ታገደ። ከተሠሩትም ብዙዎቹን አንድ በሽታ ከውስጥ በልቷቸዋል። ዚንኩ ውስጥ እርሳስ በጥቂቱ እንኳ ከገባበት ብረቱ ከዓመታት በኋላ ራሱን ይበላል፤ ሰብሳቢዎች ይህን በሽታ የዚንክ ነቀዝ ይሉታል። በመጀመሪያ ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል፤ ቀጥሎ አካሉ ያብጣል፤ የመኪናው አክሰል ይጣበቃል፤ በመጨረሻ በጣት ሲነኩት እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል። በሽታውን ለመከላከል አምራቹ 99.99 በመቶ ንጹሕ ዚንክ መጠቀም አለበት፤ ከአሮጌ እርሳስ ጋር በአንድ ድስት ማቅለጥም አይገባውም። በአዲሶቹ ሞዴሎችም ላይ አልፎ አልፎ መታየቱ የሚያስቆጣ ነው። ሰርተፍኬት አትሞ ቅይጡን ያላጣራ አምራች ደንበኛውን አላከበረውም።

ቁጥሩ በእርግጥ ከሥራው የሚመነጭባቸው አነስተኛ ወርክሾፖች አሉ። የስቲል ሞልድ ለመፈልፈል አቅሙ ስለሌላቸው ከሲሊኮን ጎማ ሞልድ ሠርተው ሬዚን ወይም በቀላሉ የሚቀልጥ ነጭ ብረት ያፈስሱበታል። የጎማው ሞልድ ጥቂት ደርዘን ዕቃ ካወጣ በኋላ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ይቀደዳል። ዳይካስት ባይባሉም ሰብሳቢዎች እዚያው መደርደሪያ ላይ ያኖሯቸዋል። ትልቁ ኩባንያ ሁልጊዜ ታይገርና ሸርማን ይሠራል፤ ገበያው እዚያ ነውና። ማንም የማያውቀውን ተሽከርካሪ ግን የሚሠራው እንዲህ ያለ ጥቂት የሚበቃው ባለሙያ ነው።

ኢትዮጵያን የሚመለከተው ታሪክም እዚህ ላይ ይገባል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለንደን የሚገኘው የብሪተንስ ፋብሪካ የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኛና የኢትዮጵያን ተዋጊዎች የሚያሳዩ የእርሳስ ወታደሮች አውጥቶ ነበር፤ የአውሮፓ ልጆች ወሬውን ከጋዜጣ ሲሰሙ በመጫወቻ መልክ ገዙት። የወራሪው ዋና ብረት ለበስ ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዘው፣ ሦስት ቶን ያህል የሚመዝነው የፊያትና የአንሳልዶ ትንሽ ታንክ፣ ሲቪ33 ነበር። ቱሬት የለውም፤ መትረየሱ ወደ ጎን እንደ ልብ አይዞርም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የልዑል ራስ እምሩ ጦር ይህን ጉድለት ተጠቀመበት፤ ተዋጊዎቹ ከጎንና ከኋላ እየተጠጉ ታንኮቹን ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው። ከዚህ ታንክ መቶ ሺህ ፍሬ የሚሸጥ ሞዴል አይወጣም። አንድ ወርክሾፕ ግን የደምበጉናውን ሲቪ33፣ በዚያን ቀን በነበረው መልኩ፣ የራስ እምሩን ጦር ታሪክ ከሳጥኑ ጋር አድርጎ 200 ፍሬ ቢያወጣው ለቁጥሩ ማነስ በቂ ምክንያት ይኖረዋል። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን የሚኖር ሐበሻ ለልጁ ሊያሳየው የሚገባ ዕቃ ነው።

ለትልልቆቹ አምራቾችም የሚጠየቀው ከባድ ነገር አይደለም። በጀርመን አኸን ከተማ የሚገኘው ሚኒቻምፕስ እትሙ በጠቅላላው ስንት ፍሬ እንደሆነ ሳጥን ላይ ያትማል፤ ጅምሩ መልካም ነው፤ ግን ሊሰፋ ይገባዋል። ቁጥሩ ሞልዱን ነው የሚመለከተው ወይስ ቀለሙን ብቻ? ያው ሞልድ በሚመጣው ዓመት በሌላ ቀለም ይመለሳል ወይ? ሞዴሉ የትኛውን ታንክ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ግንባር ነው የሚያሳየው? ይህን ሁሉ ለመጻፍ የሰርተፍኬቱ ጀርባ ይበቃል፤ እስከዛሬ በአብዛኛው ባዶውን ነው የቆየው።