ማደሪያ ሳንይዝ አንነሳ

ትምህርት ሲዘጋ ከናይሮቢ አዲስ አበባ በአውቶቡስ እንሄዳለን፤ መንገዱ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዳንድ ወላጆቻችን «የአልጋ ወጪ እንዳይበዛ ሌሊቱም ይነዳ» ይላሉ። እኛ ተማሪዎች ግን አንስማማም። አምና ከማርሳቢት ወዲያ መሽቶብን፣ አስፋልቱ ላይ የቆሙትን ግመሎች ያየናቸው አጠገባቸው ስንደርስ ነበር። ሾፌራችንንም እንቅልፍ ይታገለው ነበር።

ስለዚህ ማደሪያችን ሳንነሳ ይወሰን፦ አንደኛው ሌሊት ማርሳቢት፣ ሁለተኛው ሞያሌ፣ ሦስተኛው ዲላ። ሞያሌ ካደርን ድንበሩን በጠዋት፣ ሳንደክም እንሻገራለን። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላም አይነዳ። ለአልጋው ከአሁኑ ጀምረን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እናዋጣለን። ዘግይተን ብንደርስ አያቶቻችን አይቀየሙንም።