ባሕር አጣን ለምትሉ ገጣሚያን

ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ “ባሕር” የሚለው ቃል በግጥሞቻችን ውስጥ ከእንባና ከቁጭት ተለይቶ አያውቅም። ለመሆኑ ከእኛ መካከል የዘጌን ደን በእግሩ አቋርጦ ጣና ዳር የወረደ ስንት ነው? አባቶች ሐይቁን ባሕር ብለው፣ ከተማዋንም ባሕር ዳር ብለው ሰየሙ፤ እኛ ግን ባሕራችንን ካርታ ላይ እንፈልጋለን።

የዘጌ መንገድ ጠባብ ነው። በቡናና በዋንዛ ጥላ ሥር ይጥመለመላል፤ ውኃው በቅጠል መካከል ብልጭ ይላል፤ ደኑ ሲያበቃ ጸጥ ያለ ዳርቻና የደንገል ታንኳ ይቀበሉናል። ይህን ደን ያቆየው ቅኔያችን አይደለም፤ ማረስን የከለከለው የገዳማቱ ሥርዓት ነው።

“ሐይቅ ባሕር አይሆንም” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ መርከብ አያመጣም። ግጥም ግን ወደብ አይሻም፤ ያየ ዓይንና የደከመ እግር ይበቃዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ዳርቻውን ሲወር ኖሯል። ያለንን ባሕር ሳንረግጠው ብናጣው፣ ለሁለተኛው ሙሾ ማንን እንከስሳለን?