የእቴጌይቱ ቀሚስ ለንደን፣ ተዋናይዋ በሠርግ ጥበብ

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ቴአትር ወይም ድራማ ሲሠራ እቴጌይቱ ብዙ ጊዜ የምትለብሰው ከሽሮ ሜዳ የተገዛ የዘንድሮ የሠርግ ጥበብ ነው። ክሩ ያብረቀርቃል፣ መድረኩ ያምራል፣ ታሪኩ ግን ሐሰት ይሆናል።

ልብስ ጌጥ ብቻ አይደለም። አገር ከማን ጋር ይነግድ እንደነበር፣ ማን ጌታ ማን ገባር እንደነበር ይናገራል። ሐር ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ የመኳንንት ነበር፤ ገባሩ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ይለብሳል። ሁሉም እኩል ሲያብረቀርቅ ይህ ልዩነት ይጠፋል፤ ተመልካቹም ገባሩ ለምን እንዳመፀ አይገባውም።

ማስረጃ ጠፍቶ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ። ፎቶውን በስልክ ማየት ይቻላል። ሙዚየሙ በ2010 ዓ.ም. የመቅደላን ቅርሶች «በረጅም ጊዜ ውሰት» ለመስጠት ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙዎች ተቆጡ። ልክ ናቸው፤ የተዘረፈ ዕቃ ለባለቤቱ አይዋስም። ግን «ይመለስ» ከሚለው ስንቱ ቀሚሱ ምን እንደሚመስል ያውቃል?

ቀሚሱን የወሰደው እንግሊዝ ነው። መልኩን ከመድረክ ያጠፋው ግን እንግሊዝ አይደለም።