ፋይሉ ዩኒቨርሲቲ፣ ላፕቶፑ ደብረ ወርቅ፦ በመሃል ያለውን በር ማን ዘጋው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወሬው ለደብረ ወርቅ ሩቅ ይመስላል። አይደለም። ከእናርጅ እናውጋ ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሚማር ልጅ ላፕቶፕ ካለው፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሲሠራበት የቆየ ዩዝድ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛ ትውልድ በታች የሆነ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን ማሽን በይፋ አይቀበልም። ታዲያ ምን ይደረግ? ኡቡንቱ ወይም ሚንት መጫን ነው። ሁለቱም ሊኑክስ ናቸው፣ ነጻ ናቸው፣ ክራክ ፍለጋ ቫይረስ መሸመትም የለም።

ጣጣው የሚመጣው ተማሪው በዚያ ላፕቶፕ ግቢ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠውን ፋይል ሊከፍት ሲል ነው። ኮምፒውተር ላብ ውስጥ «ሼርድ ፎልደር» የምንለውን ማለት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ዳታ፣ የመምህሩ ማስታወሻ የሚቀመጥበት። «ሊኑክስ ከሆነ አይሠራም» ይባላል። ነገሩ እዚያ ላይ ይዘጋል።

ይሄ አባባል እውነት አይደለም። ዊንዶውስ ፋይል የሚያጋራበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል። አንድሪው ትሪጀል የተባለ አውስትራሊያዊ በ1992 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሳምባ የተሰኘ ፕሮግራም ይህንኑ ቋንቋ ከዊንዶውስ ውጭ ላሉ ማሽኖች ካስተማረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ኡቡንቱ ላይ ፋይል ማናጀሩን ከፍቶ የሰርቨሩን አድራሻ መጻፍ፣ የግቢውን ዩዘርኔም፣ ፓስወርድና የዶሜይን ስም ማስገባት በቂ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ዶሜይን የምትለዋን ሳጥን ባዶ ትቶ ወይም ያለችበትን ቃል ሳይነካ በማለፍ ነው።

ታዲያ እምቢ የሚልበት ጊዜ የለም? አለ። አንደኛው ምክንያት ግን የሊኑክስ ጥፋት ሳይሆን ጨዋነቱ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣ ሊኑክስ ያረጀውን የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ ስሪት ካላዘዙት በስተቀር አይጠቀምም። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያመሰው፣ የብሪታንያ ሆስፒታሎችን ሥራ ያስፈታው ዋናክራይ የገባው በዚያው ስሪት ቀዳዳ ነበር። ስለዚህ አዲስ ሊኑክስ «ከዚህ ሰርቨር ጋር አልነጋገርም» ካለ፣ መመርመር ያለበት ከተማሪው ላፕቶፕ በፊት ሰርቨሩ ነው። ሌላው ምክንያት ሰዓት ነው። በብዙ ተቋማት መታወቂያ የሚፈትሸው ኬርቤሮስ የተባለው ሥርዓት የላፕቶፑ ሰዓት ከሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ከራቀ አያስገባም። የማዘርቦርድ ባትሪው የሞተ ዩዝድ ላፕቶፕ ደግሞ በከፈቱት ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። (በሐበሻ ሰዓት ልየው ብሎ በስድስት ሰዓት ያዛወረውማ ጨርሶ አይታሰብ!)

እስካሁን ያወራነው ግቢ ውስጥ ስላለ ሰው ነው። ተማሪው ደብረ ወርቅ ቤተሰቡ ጋ ሲሆንስ? እዚህ ላይ በሩ የሚዘጋው በዊንዶውስም በሊኑክስም እኩል ነው። ኤስኤምቢን በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ እንደ መተኛት ስለሆነ፣ የኔትወርክ ባለሙያዎች መዝጋታቸው ልክ ነው። ነገር ግን ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ አለው። ቁልፉ ቪፒኤን ነው፦ ተማሪው መለያውን አሳይቶ፣ በተመሰጠረ መስመር፣ ግቢ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይገባል። በሩን ዘግቶ ቁልፍ አለመስጠትና ቁልፉን ለዊንዶውስ ብቻ ማዘጋጀት ግን በደኅንነት ስም የሚሸፈን ነገር አይደለም። ኦፕንቪፒኤንና ዋየርጋርድ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ሊኑክስ ላይም ይሠራሉ።

አሁን ወደ መራሩ እንምጣ። እኛ አካባቢ ቪፒኤን ቢኖርም የማይበቃበት ጊዜ አለ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ተማሪው ሁሉ ፋይሉን ግቢ ትቶ ወደየቤቱ ተበተነ። የካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለአምስት ወራት ገደማ ተገደቡ፤ ጽሑፉን «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ያኖረ ሁሉ ማለፊያ ቪፒኤን ሲፈልግ ከረመ። እሱ ከመነሳቱ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። መስመር በሌለበት የትኛውም ቁልፍ የትኛውንም በር አይከፍትም።

ለዚህ ነው ክርክሩ «ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ» ላይ መቆም የሌለበት። እንደኛ ባለ አገር የዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ኮፒው ተማሪው እጅ ላይ እንዲቀር ሆኖ መሠራት አለበት። ኔክስትክላውድን የመሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች በግቢው በራሱ ሰርቨር ላይ ይጫናሉ፤ ተማሪው ዋይፋዩ ውስጥ እያለ የመረጠው ፎልደር ላፕቶፑ ላይ ይገለበጣል፣ ኔት ሲጠፋ እዚያው ይሠራበታል፣ ሲመለስ ይዋሃዳል። የሊኑክስ ፕሮግራም አለው። ጎግል ድራይቭና ዋንድራይቭ እስካሁን ይፋዊ የሊኑክስ ፕሮግራም የላቸውም። በርግጥ ሰርቨር፣ መብራትና ባለሙያ ይጠይቃል፤ ግን ሼርድ ፎልደሩም ቢሆን በነዚሁ ነው የሚኖረው።

እስከዚያ ድረስ የሊኑክስ ተጠቃሚ ተማሪዎች ለእረፍት ከመውጣታችሁ በፊት ፎልደሩን በሙሉ ላፕቶፓችሁ ላይ ገልብጡ፣ አንድ ኮፒ በፍላሽ ለሌላ ሰው አስቀምጡ። የተማሪ ኅብረቶች ደግሞ ለየዩኒቨርሲቲያችሁ አይሲቲ ክፍል በጽሑፍ ጠይቁ፦ ከግቢ ውጭ ፋይል ማግኛ መንገድ አለ ወይ? ለሊኑክስ መመሪያ ተዘጋጅቷል ወይ? የተመራቂ ፋይልስ ከምረቃ በኋላ ስንት ጊዜ ይቆያል? መልስ ያገኛችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን፣ እናወጣዋለን።