የአንዲት ነጥብ ዋጋ፦ የዲኤንኤስ የዞን ፋይልና የዲጂታል አገልግሎት አስተማማኝነት

የመንግሥት አገልግሎት ወደ በይነ መረብ በተሸጋገረ መጠን የተቋም በር የሚከፈተውም የሚዘጋውም በስም ሆኗል። ፓስፖርት ለማመልከት፣ የንግድ ፈቃድ ለማደስ ወይም ግብር ለማሳወቅ የተቋሙን የድረ ገጽ አድራሻ የሚጽፍ ተገልጋይ «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልስ ሲያጋጥመው አገልግሎቱ የተቋረጠ፣ ያስገባው መረጃም የጠፋ ሊመስለው ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ግን አገልግሎቱም መረጃውም በቦታቸው አሉ፤ የታጣው ወደ እነርሱ የሚመራው ስም ነው።

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025) የደረሰው መስተጓጎል ለዚህ የቅርብ ማሳያ ነው። አማዞን ዌብ ሰርቪስስ በአሜሪካ ሰሜን ቨርጂኒያ ባለው ማዕከሉ ለአንድ የመረጃ ቋት አገልግሎት የተመዘገበው የዲኤንኤስ መረጃ፣ አውቶማቲክ አሠራሮች እርስ በርስ በመቀዳደማቸው ባዶ ሆኖ ቀረ። የመረጃ ቋቱ አልጠፋም፤ የሚገኝበትን የሚናገር ግን አልነበረም። ከዚህ የተነሣ በርካታ የዓለም ድርጅቶች ሥራቸው ተስተጓጎለ፤ የብሪታኒያ የጉምሩክና የግብር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽም ከተጎዱት መካከል ነበረ።

የስም መዝገቡ እንዴት ይሠራል?

ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት አይፒ አድራሻ በሚባል ቁጥር ነው፤ ሰው ግን የሚያስታውሰው ስምን ነው። በምሕፃረ ቃል ዲኤንኤስ የሚባለው የዶሜይን ስም ሥርዓት ስሙን ወደ ቁጥር ይመራል። ቀድሞ የኔትወርኩ ስሞች ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፈው ከአንድ ማዕከል ይሠራጩ ነበር። ኔትወርኩ ሲሰፋ ያ አሠራር አላዋጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ያቀረበው አዲስ ሥርዓት መዝገቡን «ዞን» ተብለው በሚጠሩ ክፍሎች ከፋፍሎ ለየባለቤቱ አስረከበ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው መለኪያ ሰነድ የዞን መረጃ በተራ የጽሑፍ ፋይል የሚጻፍበትን ሥርዓት ደነገገ፤ ይህ አጻጻፍ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ዋናው ሰርቨር ፋይሉን አንብቦ ለጠያቂ ሁሉ ይመልሳል፤ ተጠባባቂ ሰርቨሮች ደግሞ ከእርሱ ቅጂ ይወስዳሉ። በፋይሉ ራስጌ ላይ የእትም ቁጥር አለ። ባለሙያው መረጃውን ለውጦ ቁጥሩን ከፍ ሳያደርግ ቢቀር ተጠባባቂዎቹ ለውጥ እንዳለ አያውቁም፤ አሮጌውን መልስ መስጠታቸውን ይቀጥላሉ። ለአንዱ ተገልጋይ የሚከፈተው ገጽ ለሌላው የማይከፈትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የስዊድን ትምህርት

ጥቅምት 2 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2009) ምሽት የስዊድንን አገራዊ ዶሜይን የሚያስተዳድረው ድርጅት በመደበኛ የጥገና ሥራ ላይ ሳለ የተሳሳተ የዞን ፋይል አሠራጨ። የስሕተቱ ምንጭ በስሞች መጨረሻ ላይ መሆን የነበረባት ነጥብ መጉደሏ ነው። በዞን ፋይል ሕግ በነጥብ ያልተዘጋ ስም እንዳልተሟላ ይቆጠራል፤ ሰርቨሩም የዞኑን ስም በላዩ ይጨምርበታል። በዚህ ምክንያት አድራሻዎቹ የአገሪቱን መለያ ሁለት ጊዜ የያዙ፣ በእውኑ የሌሉ ስሞች ሆኑ። በወቅቱ ከ900 ሺህ በላይ ስሞች በዚያ ዞን ሥር ነበሩ።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ፋይሉ በሰዋስው ረገድ ትክክል መሆኑ ነው። ሰርቨሩ ግልጽ የአጻጻፍ ጉድለት ያለበትን ፋይል አልጭንም ይላል፤ ነጥብ የጎደለውን ግን ትክክለኛ ነው ብሎ ይቀበላል። ስሕተቱ በአንድ ሰዓት ገደማ ቢታረምም ችግሩ ወዲያው አላበቃም። የኢንተርኔት አቅራቢዎች ሰርቨሮች አንድ ጊዜ ያገኙትን መልስ በፋይሉ ላይ እስከ ተወሰነው የቆይታ ጊዜ ድረስ ስለሚይዙ፣ የተሳሳተው መልስ ከታረመ በኋላም ለሰዓታት ሲያገለግል ቆይቷል።

ከተቋማት የሚጠበቀው

የኢትዮጵያ አገራዊ ዶሜይን የሚተዳደረው በኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን የመንግሥት ተቋማት ስሞች በሥሩ ይመዘገባሉ። እያንዳንዱ ተቋም የራሱ ዞን ባለአደራ እንደ መሆኑ ጥንቃቄው ከራሱ ይጀምራል። ባይንድን የመሳሰሉ የዲኤንኤስ ሶፍትዌሮች ፋይሉን ከመጫን በፊት የሚመረምር መሣሪያ አላቸው፤ መሣሪያው ግን ሁሉን ስሕተት ስለማይይዝ ሁለተኛ ባለሙያ ለውጡን ሊያየው ይገባል። የቀድሞው እትም ተጠብቆ ሊቀመጥ፣ ተጠባባቂው ሰርቨር ከዋናው በተለየ ቦታና መስመር ላይ ሊሆን፣ ሰርቨር ከመቀየሩም አስቀድሞ የቆይታ ጊዜው ሊያጥር ይገባል። ይህ ሁሉ ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሥርዓትን ነው። ቸል ከተባለ ግን ዋጋውን የሚከፍለው የማመልከቻ ቀኑ የሚያልፍበት ዜጋ ነው።

ተገልጋዮች ማድረግ የሚችሉት

ገጽ አልከፈት ሲል አስቀድሞ አድራሻው በትክክል መጻፉን ያረጋግጡ። ቀጥሎ በሌላ መስመር፣ ለምሳሌ ከቢሮ ዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ቀይረው ይሞክሩ፤ በአንዱ ከተከፈተ የሌላው መስመር ሰርቨር አሮጌ መልስ ይዞ ሊሆን ይችላል። ክፍያ በመፈጸም ላይ ሳሉ ከተቋረጠ የመጀመሪያው መድረሱን ሳያጣሩ ዳግም አይክፈሉ። የጊዜ ገደብ ያለበት ጉዳይ ከሆነ የስሕተት መልእክቱን ከነቀኑና ሰዓቱ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ለተቋሙም በአካል ወይም በስልክ ያሳውቁ።

ከሁሉም በላይ ገጹ በጠፋበት ሰዓት በማኅበራዊ ሚዲያ «አማራጭ» ተብሎ በሚላክ አድራሻ የመታወቂያ ቁጥርዎንም ሆነ የይለፍ ቃልዎን አያስገቡ። አስመሳይ ገጽ ለሚያዘጋጁ አጭበርባሪዎች እንዲህ ያለው ሰዓት ምቹ ነው። የጠፋ ስም በሰዓታት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ በሌላ እጅ የገባ የግል መረጃ ግን አይመለስም።